ገዳዩ ከታወቀ በኋላ የሚጀምር ልብ ወለድ

የወንጀል ልብ ወለድ አላነብም የሚል አንባቢ ብዙ ነው፤ ምክንያቱም አይጠፋንም። በመጀመሪያው ምዕራፍ ሰው ይሞታል፣ በመካከሉ ሁሉም ይጠረጠራል፣ በመጨረሻው አንድ ብልህ መርማሪ ተጠርጣሪዎቹን ሳሎን ውስጥ ሰብስቦ ጣቱን አንዱ ላይ ይቀስራል። መልሱ ከታወቀ በኋላ መጽሐፉን ደግሞ የሚያነሳው የለም። ታሪክ፣ የሕይወት ታሪክ፣ ግጥም ወይም ረጅም የፍቅር ልብ ወለድ ለለመደ ሰው ይህ ከእንቆቅልሽ አያልፍም። እኔም ከታሪክ መደርደሪያ ርቄ የማልሄድ አንባቢ ስለሆንኩ ቅሬታው ይገባኛል። ይሁን እንጂ ቅሬታው የሚነካው አንደኛውን የወንጀል ልብ ወለድ ዘር ብቻ ነው። ፈረንሳዮች «ኑዋር» (ጥቁር) የሚሉት ሌላኛው ዘር ከዚህኛው ጋር ሬሳና መርማሪ ይጋራል እንጂ ጠባዩ ለየቅል ነው። ፖለቲካ ሲጨመርበት ደግሞ፣ ታሪክ ወዳዱን አንባቢ ከታሪክ መጻሕፍት በማያገኘው ነገር ይክሰዋል።

በተለመደው የመርማሪ ታሪክ ዓለም በመሠረቱ ደኅና ናት። ግድያው በሰላማዊ ሰፈር ላይ የወደቀ ያልታሰበ አደጋ ነው፤ ጥፋተኛው ሲያዝ ሁሉም ወደ ሻዩ ይመለሳል። በኑዋር ግን ሰፈሩ ቀድሞውንም ተበላሽቷል። ሰው የሚሞተው የሆነ ሰው ሊያጣው የማይፈልገው ጥቅም ስላለ ነው፤ ጥቅሙም አብዛኛውን ጊዜ ማኅተምና ደብዳቤ አለው። መርማሪው ወንጀለኛውን ቢያገኝ እንኳ የሚያስረክብበት ቦታ ይጨንቀዋል፤ ፖሊስ ጣቢያውም፣ ፍርድ ቤቱም፣ ጋዜጣውም በጉዳዩ እጃቸው አለበትና። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» እየተባለ ሲተረት ሰምቶ ላደገ አንባቢ ይህን የዓለም አመለካከት ማስተማር የሚያስፈልግ አይመስለኝም። የሚያስፈልገው ልብ ወለዱ ይህን አመለካከት እንዴት ወደ ትረካ እንደሚቀይረው ማሳየት ነው።

ነገሩ የተጀመረው አሜሪካ ውስጥ ነው። ዳሺል ሃሜት ደራሲ ከመሆኑ በፊት ፒንከርተን በተባለ የግል ምርመራ ድርጅት ተቀጥሮ ይሠራ ነበር። ፒንከርተን የጠፋ ጌጥና የኮበለለ ባል ብቻ አልነበረም የሚያፈላልገው፤ የማዕድን ጉድጓድና የፋብሪካ ባለቤቶች የሠራተኛ ማኅበራትን ለመሰለልና አድማ ለመስበር ይከራዩት ነበር። ሃሜት በ1929 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ ያወጣው የመጀመሪያ ልብ ወለዱ ከዚሁ ልምድ የተቀዳ ነው። የአንዲት የማዕድን ከተማ ባለጸጋ የሠራተኞቹን አድማ ለመስበር ወሮበሎችን ከውጭ ያስመጣል። አድማው ይሰበራል። ወሮበሎቹ ግን ሥራቸውን ጨርሰው አይሄዱም፤ ከተማዋን ተከፋፍለው ይቀመጣሉ፣ ፖሊሱንም የራሳቸው ያደርጉታል። ሽማግሌው ባለጸጋ በመጨረሻ፣ ራሱ የጠራቸውን ሰዎች የሚያባርርለት፣ በመጽሐፉ ውስጥ ስሙ የማይጠራ አንድ መርማሪ ይቀጥራል።

በዚህ መጽሐፍ ውስጥ የመጀመሪያው ግድያ እንቆቅልሽ ገና ታሪኩ ሳይጋመስ ይፈታል። የለመደ አንባቢ እዚህ ላይ ግራ ይገባዋል፤ ገዳዩ ከታወቀ ቀሪው ገጽ ለምንድን ነው? ቀሪው ገጽ ከተማዋ የማን እንደሆነች ለማወቅ ነው። መርማሪው ወሮበሎቹን እርስ በርስ እያናከሰ ሲሄድ ሬሳው ይበረክታል፣ እርሱም ቀስ በቀስ ደም ደም እየሸተተው መምጣቱን ያስተውላል። ከተማዋ በመጨረሻ ብትጸዳ እንኳ ቁልፏ የሚመለሰው ለዚያው ለሽማግሌው ነው። ሃሜት ራሱ በ1951 እ.ኤ.አ. ለፖለቲካ እስረኞች የዋስትና ገንዘብ ያዋጡ ሰዎችን ስም አልናገርም በማለቱ ወራት እስር ቤት አሳልፏል። የጻፈውን ነገር ያውቀው ነበር ማለት ይቻላል።

ዘመኑም አግዞታል። ከ1920 እስከ 1933 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ አልኮል መሸጥ በሕግ ተከልክሎ ነበር። ክልከላው መጠጡን አላጠፋውም፤ ሻጩን ከነጋዴነት ወደ ወንበዴነት፣ ፖሊሱን ከተቆጣጣሪነት ወደ ድርሻ ተቀባይነት ቀየረው። በ1929 የአክሲዮን ገበያው ሲወድቅና ባንኮች ሲዘጉ ደግሞ ተራው ሰው ሕግ አክባሪ የሚባሉት ሰዎችም ቁጠባውን ሊያጠፉበት እንደሚችሉ አየ። በመዝናኛ መጽሔቶች ርካሽ ወረቀት ላይ የሚታተሙት የወንጀል ታሪኮች ይህን ብስጭት ይዘው ነው የወጡት። ፈረንሳይ ውስጥ ጋሊማር የተባለው አሳታሚ በ1945 እ.ኤ.አ. ማርሴል ዱሃሜል በሚባል ሰው አዘጋጅነት ጥቁር ሽፋንና ቢጫ ጽሑፍ ያለው የመጻሕፍት ተከታታይ ጀመረ፤ አሜሪካውያኑን እያስተረጎመ ያሳትም ነበር። የኑዋር ስም በልብ ወለድ ላይ የጸናው በዚህ ተከታታይ ነው። ከጦርነት፣ ከጠላት ወረራና ከጠላት ጋር ከማበር ገና የወጣ አገር ይህን ዓይነት ታሪክ መውደዱ አያስደንቅም። ጎረቤቱ በወረራው ዘመን ምን ይሠራ እንደነበር ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አይናገርም።

አሁን አንድ ምሳሌ ቀረብ ብለን እንይ።

በ1961 እ.ኤ.አ. አልጄሪያ ከፈረንሳይ ነጻ ለመውጣት እየተዋጋች ነበር። ጦርነቱ ፓሪስም ደርሶ፣ የነጻነት ግንባሩ ታጣቂዎች ፖሊሶችን ይገድሉ፣ ፖሊስም አልጄሪያውያንን ያፍስ ነበር። የፓሪስ ፖሊስ አዛዥ ሞሪስ ፓፖን ጥቅምት 5 ቀን አልጄሪያውያንን ብቻ የሚመለከት የሰዓት እላፊ አወጀ። ጥቅምት 17 ቀን ምሽት በግንባሩ ጥሪ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ አልጄሪያውያን፣ ብዙዎቹ የክት ልብሳቸውን ለብሰው፣ ሚስትና ልጅ አስከትለው፣ ያለ መሣሪያ ወደ መሃል ፓሪስ ወጡ። ፖሊስ ደበደበ፣ ተኮሰ፣ ሰዎችን ከድልድይ ላይ ወደ ሴን ወንዝ ወረወረ። ከ11 ሺህ በላይ ሰው ታሰረ። መንግሥት ያመነው የሟች ቁጥር ሦስት ነበር። የታሪክ ሰዎች ከበርካታ ደርዘን እስከ ሁለት መቶ የሚደርስ ግምት ይሰጣሉ። ከዚያ ነገሩ ተዳፈነ፤ የትምህርት ቤት መጽሐፍ አላነሳውም፣ ሐውልት አልቆመለትም።

በ1980ዎቹ መጀመሪያ፣ ቀድሞ የማተሚያ ቤት ሠራተኛ የነበረ ዲዲየ ዴናንክስ የተባለ ደራሲ በዚያው ጥቁር ተከታታይ ውስጥ አንድ ልብ ወለድ አሳተመ። ታሪኩ የሚጀምረው በዚያች ምሽት ነው። አንድ ፈረንሳዊ የታሪክ መምህር ነፍሰ ጡር ሚስቱ ወደምትጠብቀው ቤቱ ሲመለስ ሰልፉ መካከል ይገባል፣ የፖሊስ ልብስ የለበሰ ሰው ቀርቦ ይገድለዋል። በዚያ ሁሉ ሬሳ መካከል አንድ ተጨማሪ ሬሳ ማን ይጠይቃል? ከሃያ ዓመት በኋላ ልጁ፣ እርሱም ታሪክ የሚያጠና ወጣት፣ ቱሉዝ ከተማ ውስጥ በጥይት ይሞታል። ካዳን የሚባል አንድ ተራ የፖሊስ መርማሪ መዝገቡ ይደርሰዋል።

ካዳን የሚያደርገው ምንድን ነው? ያነባል። የሟቹ ወጣት የመጨረሻ ቀን ያለፈው ቤተ መዛግብት ውስጥ ነው፤ የትኛውን ሳጥን አስመጥቶ እንዳየ ይጠይቃል፣ ያንኑ ሳጥን ያስወጣል፣ የተሰለቸ ሠራተኛ ደረጃ ወጥቶ እስኪያመጣለት ይጠብቃል፣ በፊደል ተራ የተቀመጡ አሰልቺ የአስተዳደር ወረቀቶችን ያገላብጣል። አባትየውም ከሃያ ዓመት በፊት ስለ ድራንሲ እየጻፈ ነበር። ድራንሲ ከፓሪስ ወጣ ብላ የምትገኝ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከፈረንሳይ ወደ ሞት ካምፖች ከተጋዙት አይሁድ አብዛኞቹ ያለፉባት ሥፍራ ናት። አባትና ልጅ፣ በሃያ ዓመት ልዩነት፣ ወደ አንድ ፊርማ እየቀረቡ ነበር።

ታሪክ ወዳድ የሆነ አንባቢ እዚህ ጋ ሲደርስ ልቡ ይመታል፤ ቢያንስ የእኔ መትቷል። የሽጉጥ ማሳደድ አይደለም የሚያስጨንቀው፤ የወረቀት ማሳደድ ነው። የታሪክ ተመራማሪ በየቀኑ የሚሠራው ሥራ፣ ሳጥን ማስወጣት፣ ስም ከስም ማገናኘት፣ እዚህ የሞት ሽረት ጉዳይ ሆኖ ይመጣል። ልብ አንጠልጣይ የሚያሰኘውም ፍርሃቱ የሚመጣበት አቅጣጫ ነው። በተራ የወንጀል ታሪክ መልሱ እንዳይገኝ እንፈራለን፤ እዚህ ግን መልሱ እንዳይገኝ የሚፈልግ ስንት ሰው እንዳለ እያወቅን እንሄዳለን።

ደራሲው ፓፖንን በስም አልጠራውም፤ በመጽሐፉ ያለው ባለሥልጣን ግን ከእርሱ የተቀዳ ነው። ፓፖን ከ1942 እስከ 1944 እ.ኤ.አ. ቦርዶ ከተማ ውስጥ የአካባቢው አስተዳደር ዋና ጸሐፊ ነበር። በዚያ ጊዜ ከቦርዶ 1,600 ያህል አይሁድ ተጭነው ወደ ድራንሲ ሄደዋል። ከጦርነቱ በኋላ ሹመቱ አልተቋረጠም፤ የፓሪስ ፖሊስ አዛዥ ሆነ፣ ከዚያም የበጀት ሚኒስትር ሆነ። «ለ ካናር አንሼኔ» የተባለው ጋዜጣ በ1981 ሰነዶቹን ሲያወጣ ሚኒስትር ነበር። ፍርድ የተሰጠው በ1998 እ.ኤ.አ. ሲሆን በሰብአዊነት ላይ በተፈጸመ ወንጀል ተባባሪነት አሥር ዓመት ተፈረደበት። ከሹመት ወደ ሹመት ሲያልፍ የነበረውን መንገድ አንድ ልብ ወለድ ጸሐፊ ከፈጠራ ቢያመጣው «ይህስ ተጋነነ» እንለው ነበር።

ከሁሉ የሚገርመው ግን ከመጽሐፉ በኋላ የሆነው ነው። ዣን ሉክ ኤኖዲ የተባለ ተመራማሪ በ1991 እ.ኤ.አ. ስለዚያች ምሽት ሰፊ ጥናት አሳተመ። ቆይቶም ኤኖዲ በጋዜጣ ላይ ስለጻፈው ጽሑፍ ፓፖን በስም ማጥፋት ከሰሰው። ኤኖዲ የፓሪስን የመዛግብት ሳጥኖች እንዲያይ አልተፈቀደለትምና፣ ሁለት የቤተ መዛግብት ሠራተኞች ሰነዶቹ ውስጥ ያለውን ለፍርድ ቤቱ መሰከሩለት። ፓፖን በ1999 ክሱን ተሸነፈ። ሁለቱ ሠራተኞች ግን በገዛ መሥሪያ ቤታቸው ለዓመታት ሥራ ተነፍጓቸው ጥግ ተይዞላቸው ኖሩ። ልብ ወለዱ በሳጥንና በደረጃ የነገረን ነገር ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ በእውነተኛ ሰዎች ላይ ደረሰ ማለት ነው። በ2001 የፓሪስ ከተማ በሴን ወንዝ ዳር፣ ሳን ሚሼል ድልድይ አጠገብ፣ ለሟቾቹ የመታሰቢያ ሰሌዳ አቆመች።

ከዚህ ምሳሌ ጥሩ የፖለቲካ ኑዋር የሚሠራበትን ስልት ማየት ይቻላል። አንዱ ነገር የጥፋቱ አከፋፈል ነው። ቦርዶ ላይ ፓፖን በገዛ እጁ ማንንም አልገደለም። አንዱ ስም ዝርዝር ያወጣል፣ ሌላው በታይፕ ይጽፋል፣ ሌላው አውቶቡስ ያዝዛል፣ ሌላው ይፈርማል፣ ባቡር ነጂው ይነዳል። እያንዳንዱን ለብቻ ብትጠይቁት የሠራው የቢሮ ሥራ ነው። ታሪክ ጸሐፊ ይህን በሰንጠረዥና በግርጌ ማስታወሻ ያስረዳል፤ ኑዋር ደግሞ መርማሪውን ከቢሮ ወደ ቢሮ እያዞረ፣ ሻይ እየተጋበዘ፣ ትሕትና በተሞላበት አነጋገር እየተሸኘ እንዲሄድ ያደርገዋል። አንባቢው የወንጀሉን ስፋት የሚረዳው ከሚያገኛቸው ጨዋ ሰዎች ብዛት ነው።

ሌላው የመርማሪው ቦታ ነው። የኑዋር መርማሪ ንጹሕ አይደለም። ደመወዙን የሚከፍለው ያው መሥሪያ ቤት ነው፤ ዝምታ የሚያዋጣው መሆኑንም ያውቃል። ለዚህ ነው ከስለላ ልብ ወለድ የሚለየው። እኛ አገር ማሞ ውድነህ በአማርኛ ያቀረባቸው የስለላ ታሪኮች ስንቱን አንባቢ እንቅልፍ እንደነሱት የሚያስታውስ አይጠፋም። በእነዚያ ታሪኮች ጠላት ድንበር ማዶ ነው፣ ሰላዩም አገሩን ያገለግላል። በኑዋር ጠላት ፎቅ ላይ ነው፣ የመርማሪው ወርኃዊ ደመወዝም በእርሱ ፊርማ ይመጣል።

የግሪኩን ጉዳይ በአጭሩ ላንሳ፤ ነገሩን ከሌላ ጎን ያሳያልና። በግንቦት 1963 እ.ኤ.አ. ግሪጎሪስ ላምብራኪስ የተባለ ሐኪምና የፓርላማ አባል ተሰሎንቄ ውስጥ ስለ ሰላም ንግግር አድርጎ ሲወጣ፣ በሦስት እግር የጭነት መኪና የመጡ ሰዎች ጭንቅላቱን መትተውት ከቀናት በኋላ ሞተ። መጀመሪያ የትራፊክ አደጋ ነው ተባለ። ሆስፒታልና ፖሊስ ጣቢያ እየተመላለሰ መዝገቡን ያጠናው ወጣቱ መርማሪ ዳኛ ክሪስቶስ ሳርዜታኪስ ከከፍተኛ የፖሊስ መኮንኖች ደረሰ። ቫሲሊስ ቫሲሊኮስ ከዚህ ጉዳይ ልብ ወለድ ሠራ፣ ከልብ ወለዱም በ1969 ዝነኛ ፊልም ተሠራ። በ1967 ሥልጣን የያዘው ወታደራዊ መንግሥት ዳኛውን ከሥራ አባረረው፣ ቆይቶም አሰረው። እስከዚህ ድረስ ያለው ፍጹም ኑዋር ነው። ከዚያ ግን ታሪክ ከልብ ወለድ ሕግ ወጣ፤ ሳርዜታኪስ ከ1985 እስከ 1990 የግሪክ ፕሬዚዳንት ሆነ። የዚህ ዘውግ ደራሲ እንዲህ ያለ ፍጻሜ ለመጻፍ የሚደፍር አይመስለኝም፤ ለአንባቢ ማባበያ ይመስልበታልና።

ወደ አማርኛ ስንመጣ፣ ይህን ዘውግ አላውቀውም የሚል አንባቢ ብዙውን ጊዜ አንብቦታል። ስሙን ሳይጠሩለት ነው ያነበበው። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. በመንግሥታዊው ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ታትሞ ወጣ። ጀርባው በ1974 ዓ.ም. ኤርትራ ውስጥ የተካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ ነው። ተራኪው ፀጋዬ ኃይለማርያም ጋዜጠኛ ነው፤ አስመራ የሄደው የዘመቻውን የፕሮፓጋንዳ ሥራ ሊመራ ነው። አዲስ አበባ ላይ እጮኛ አለችው፣ አስመራ ላይ ፊያሜታን ይወዳል። በከተማዋ ውስጥ የሁለቱም ወገን ሰላዮች ይርመሰመሳሉ፤ ቡና የሚጠጡበት ቦታ ሳይቀር አንድ ነው።

ፀጋዬን ከሃሜት መርማሪ ወይም ከካዳን አጠገብ አስቀምጡት። እርሱም የሚያየው ነገርና የሚያገለግለው ነገር አልገጥም ያለው ሰው ነው። ሥራው ዘመቻው ያማረ እንዲመስል ማድረግ ሲሆን፣ ዓይኑ ግን ጋዜጠኛ ሆኖበታል። የአስመራ ምሽት፣ ፍቅሩ፣ ሙዚቃው፣ የባለሥልጣናቱ ግብዣና ፉክክር፣ በመጨረሻም ናቅፋ ላይ የሚጠብቀው ነገር፣ ሁሉም በአንድ ሰው መወላወል ውስጥ ያልፋል። ከዚህ የበለጠ የፖለቲካ ኑዋር ተራኪ ከየት ይመጣል? ልዩነቱ ደራሲው ራሱ የማስታወቂያ ሚኒስቴር ቋሚ ተጠሪ መሆኑና ዘመቻውን በቅርብ ማየቱ ነው። ሃሜት ከድርጅቱ ከወጣ በኋላ ጻፈ፤ በዓሉ ከውስጥ ሆኖ ጻፈ። መጽሐፉ እንደወጣ ተሰበሰበ፣ ደራሲው ከሥራው ተነሣ፣ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ሳይመለስ ቀረ። በ2025 እ.ኤ.አ. «ኦሮማይ» በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ሲወጣ እንደ ስለላና እንደ ፖለቲካ ልብ አንጠልጣይ መነበቡ ብዙዎቻችንን ሊያስደንቀን አይገባም ነበር። እኛ እንደ ፍቅር ታሪክና እንደ ታሪክ ምስክርነት ስናነበው ስለኖርን ሦስተኛውን ገጽታ ቸል ብለነው ነው።

ይህን ዘውግ ላልለመደ ሰው ትልቁ መሰናክል የመጀመሪያዎቹ ሃምሳ ገጾች ናቸው። ስሞች ይጎርፋሉ፣ ማንም አይገለጽም፣ ሁሉም እንደሚተዋወቅ ሆኖ ይነጋገራል። ስሞቹን ሁሉ ለመያዝ መታገል አያስፈልግም። ዓይንን ማን ለማን እንደሚከፍል፣ ማን ከማን ፊት ሲነሣ ማን እንደማይነሣ ላይ ማሳረፍ ይበቃል፤ ቀሪው ይከተላል። ዝናቡ፣ ጨለማው መንገድ፣ የተሰነጠቀ መስኮት ያለው ቢሮ ተራ ማስዋቢያ መስለው ሊታለፉ ይችላሉ። ጎበዝ ደራሲ እጅ ላይ ግን ማስረጃ ናቸው፤ የከተማው በጀት የት እንደገባ የሚነግሩን እነርሱ ናቸው።

ግጥም ወዳድ የሆነ ሰው ደግሞ በድምፁ በኩል ቢገባ ይቀልለዋል። ሬይመንድ ቻንድለር በእንግሊዝ ትምህርት ቤት ላቲንና ግሪክ ተምሮ ያደገ፣ የነዳጅ ኩባንያ ኃላፊ ሆኖ የሠራ፣ በ1932 እ.ኤ.አ. ከሥራው ተባርሮ በአርባዎቹ ዕድሜው የወንጀል ታሪክ መጻፍ የጀመረ ሰው ነው። ሴራው አንዳንዴ ለራሱም አይጠራለትም ነበር፤ ዓረፍተ ነገሩ ግን ተመዝኖ የተቀመጠ ነው። የኑዋር ተራኪ በአጭሩ ይናገራል፣ ያሾፋል፣ ያዘነበትን ነገር በቀልድ ይሸፍናል። ቀልዱ መከላከያው ስለሆነ፣ ቀልዱ ድንገት የሚጠፋበትን ቦታ ማስተዋል ጥሩ ነው፤ ደራሲው የእውነት የፈራው እዚያ ጋ ነው።

እንከኑንም እንናገር። የድሮዎቹ የኑዋር መጻሕፍት ለሴት ገጸ ባሕርያት ደግ አይደሉም። ቆንጆዋ ሴት ወይ ትከዳለች ወይ ትሞታለች፣ አንዳንዴ ሁለቱንም በአንድ ምዕራፍ። ዶሮቲ ሂዩዝ በ1947 እ.ኤ.አ. ታሪኩን ከነፍሰ ገዳዩ ወንድ አእምሮ ውስጥ ሆና በመጻፍ ይህን ልማድ ገልብጣዋለች፤ የሚያታልለው ራሱን የተበደለ አድርጎ የሚተርከው ወንዱ ሆነ፣ ሴቶቹ ደግሞ ቀድመው የነቁበት ናቸው። ሆኖም ዘውጉ ትምህርቱን በሙሉ ልብ ተቀበለው ማለት አይቻልም። ፊያሜታንም በዚህ ዓይን ደግሞ ማንበብ ያዋጣል።

ሌላው እንከን ከባድ ነው። የፖለቲካ ኑዋርና የሴራ ወሬ በመልክ ይመሳሰላሉ፤ ሁለቱም ከሚታየው ጀርባ ሌላ ነገር አለ ይላሉ። ደካማው መጽሐፍ ሁሉን የሚያውቅና ሁሉን የሚያዝዝ አንድ ቡድን ይፈጥርና ጦርነቱንም፣ ድርቁንም፣ የዋጋ ንረቱንም በእርሱ ያሳብባል። እንዲህ ያለው ነገር ለአንባቢ ምቹ ነው፤ ጥፋተኛው ሩቅና ጥቂት ስለሆነ ማንም ራሱን አይጠይቅም። ጥሩው መጽሐፍ ተቃራኒውን ያደርጋል። ትልቁ ባለሥልጣን ራሱ ግማሹን አያውቅም፣ ግማሹን ማወቅ አይፈልግም፤ ነገሩ የሚሄደው በታች ባሉት ሰዎች ትጋት፣ ስንፍናና ፍርሃት ነው። አንዱን መጽሐፍ አንስቶ መቶኛው ገጽ ላይ የደረሰ አንባቢ፣ ክፋቱ ሁሉ በአንድ ክፍል ውስጥ ሲጋራ የሚያጨስ የአንድ ሰው ሥራ ሆኖ ካገኘው፣ ቀሪውን ሁለት መቶ ገጽ ለማንበብ አይገደድ፤ መደርደሪያው ላይ መልሶ ሌላ ቢያነሳ ይሻለዋል።